ከክፍል ወደ ቤት፦ መንገድ ላይ መሸብኝ



ባለፉት ጥቂት ቅዳሜዎች ልጆቻችሁ ቤት ሲገቡ ስለ ዶቅዶቄ፣ ስለ ጎሚስታ፣ ስለ መተማና ስለ ሞያሌ እንደሚያወሩ ሰምተናል። አንዲት እናት በር ላይ አግኝተውን «ልጄን እኮ ሞተር አስመኛችሁብኝ!» ብለውናል። መጀመሪያ እሳቸውን እናረጋጋ። የያዝነው ሞተር የወረቀት ነው፤ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ካርታ ላይ በመርፌ ቁልፍ ነው የሚሄደው። እውነተኛውን እነዳለሁ የሚል ቢመጣም በቴክሳስ ሕግ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሞተረኛ ያለ ሄልሜት አይነዳም፤ ይህንንም በአማርኛ አስተምረናል። ደግሞም እኚህ እናት ተቆጥተው እንኳ የወሩን ትምህርት በአንድ ቃል ተናግረውልናል። «አስመኛችሁብኝ» ያሉትን ማለታችን ነው። ወደ እሱ እንመጣለን።

ነገሩ የተጀመረው በመካከለኛው ክፍል፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሦስት ዓመት ባሉት ልጆች ነው። የአገራችንን ከተሞች ስም በዝርዝር ማስጠናት ሰልችቷቸዋል፤ እኛንም ሰልችቶናል። ስለዚህ አንድ መንገድ መረጥን፦ ከሱዳን ድንበር መተማ ገብቶ፣ ጎንደርን፣ ባሕር ዳርን፣ ደብረ ማርቆስን፣ የዓባይን በረሃ፣ አዲስ አበባን፣ ሻሸመኔን፣ ሐዋሳን፣ ዲላን፣ ያቤሎን አልፎ ሞያሌ የሚወጣውን። ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከካይሮ ወደ ኬፕታውን የሚወርዱ ብዙ ሞተረኞች ኢትዮጵያን ያቋረጡት በዚሁ መስመር ነው።

እዚህ ዴንተን ደግሞ መንገድ ለማስተማር የታደልን ነን። ሂልስቦሮ ላይ ለሁለት የሚሰነጠቀው ሀይዌይ 35፣ አንዱ በዳላስ ሌላው በፎርት ወርዝ ዞሮ፣ ተመልሶ የሚገጥመው እዚሁ ነው። ከዚህ ተነስቶ ላሬዶ ድንበር ለመድረስ ወደ 750 ኪሎ ሜትር ይነዳል። ከአዲስ አበባ ሞያሌም 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም መንገዶች ወደ ደቡብ ወርደው የሚያልቁት ለሁለት አገር የተከፈለ ከተማ ላይ ነው፤ ከላሬዶ ማዶ ኑዌቮ ላሬዶ፣ ከሞያሌ ማዶ ሌላ ሞያሌ። ይህን ሲሰሙ ካርታው ድንገት የነሱ ሆነ። ሞያሌ ላይ ግን አንድ ልዩነት አለ፤ ድንበሩን ሲሻገሩ መንገዱ ራሱ ጎን ይቀይራል። ኢትዮጵያ በቀኝ ትነዳለች፣ ኬንያ በግራ። እስከ 1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያም በግራ ትነዳ እንደነበር ስንነግራቸው «ታዲያ በአንድ ቀን ሁሉም ሰው እንዴት አወቀ?» ብለው ጠየቁ። ያን ጊዜ አገር ቤት የነበሩ አያቶች ካላችሁ ይህ ጥያቄ የነሱ ነው።

መንገደኞቹን ከእውነተኛ ታሪክ ወሰድን። የመጀመሪያው ቴድ ሳይመን የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነው። በመስከረም 1966 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ብቻውን በትራያምፍ ሞተር ከለንደን ተነሳ፤ በግብፅና በሱዳን አድርጎ ኢትዮጵያን አቋርጦ ወደ ኬንያ ወረደ። ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉት፤ አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት ነው። ዓለምን ለመዞር አራት ዓመት ፈጅቶበት 100,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳ። «ጁፒተርስ ትራቭልስ» የተባለው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1979 ታተመ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሞተረኞች መጽሐፉን አንብበው ነው ከቤት የወጡት። ሰባ ዓመት ሊሞላው ሲል እንደገና ተነስቶ ያንኑ ዓለም ዞረ፤ ኬንያ ውስጥ እግሩ ተሰበረበት፤ ሲያገግም ቀጠለ።

ሁለተኞቹ ተዋናዩ ዩዋን መግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቦርማን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ተነስተው እስከ ደቡብ አፍሪካ ሲነዱ ኢትዮጵያ ከሱዳን ገብተው ወደ ኬንያ ወጡ። ልጆቻችሁ መግሬገርን የሚያውቁት በስታር ዋርስ ኦቢ-ዋን ሆኖ ነው፤ ኦቢ-ዋን ኢትዮጵያ ነበር ሲባሉ ክፍሉ ለአምስት ደቂቃ ተረበሸ። እነዚህኞቹ ትልልቅ ቢኤምደብሊው ሞተር፣ አጃቢ መኪናና የቀረፃ ቡድን ነበራቸው። እኛን ካላችሁ የምንወደው የመጀመሪያውን ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው ሲበላሽበት መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። ለመጠየቅ ደግሞ ቋንቋ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ጨዋታውን እንዲህ አደረግነው። ጠረጴዛዎቹ ከተሞች ሆኑ። አንዱ ልጅ መንገደኛ፣ ሌላው ደጀን ላይ ጎሚስታ፣ ሌላው ኬላ ላይ ፖሊስ፣ አንዷ ደብረ ማርቆስ ሻይ ቤት ያላት እትዬ። መንገደኛው በየከተማው ካርድ ይስባል፤ ካርዱ ላይ አንድ ችግር አለ። እንግሊዝኛ ያወራ ወደ መተማ ይመለሳል። መተማ ቆላ ነው፣ ይሞቃል፤ ማንም መመለስ አይፈልግም።

አንዱ ልጅ ደጀን ላይ ጎማው ፈነዳ። ጎሚስታዋ ዘንድ ሄዶ «የእኔ ጎማ ፈነዳ» አላት። ሰዋስውን ብቻ ካያችሁ ትክክል ነው። ግን አገር ቤት እንዲህ የሚል ሰው የለም። «ጎማ ፈነዳብኝ» ነው የሚባለው። ሌላዋ ልጅ ሻይ ቤት ውስጥ ካርድ ስባ «ስልኬን አጠፋሁ» አለች። እትዬዋ «ታዲያ መልሰሽ አብሪዋ!» ብላ መለሰችላት፤ ልጆቹ እስኪገባቸው ድረስ እኛ መምህራኑ ሳቃችንን መቆጣጠር አቃተን። ልጅቷ ማለት የፈለገችው «ስልኬ ጠፋብኝ» ነበር።

ይህቺ «ብኝ» ትንሽ ናት፤ ሥራዋ ግን ከባድ ነው። የሆነው ነገር እኔ ላይ ሆነ፣ ጉዳቱ የእኔ ነው ትላለች። እህቷ «ልኝ» ደግሞ ደስታውን ታመጣለች፤ «ጎማው ተሠራልኝ»። ሰብሉ ዝናብ የጠማው ገበሬ «ዘነበልኝ» ይላል፤ እህሉን አውድማ ላይ ያሰጣው ጎረቤቱ «ዘነበብኝ» ይላል። ዝናቡ አንድ ነው። እንግሊዝኛ ይህን ለማለት ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜም ጨርሶ ይተወዋል። ልጆቻችን በእንግሊዝኛ አስበው በአማርኛ ስለሚናገሩ መጀመሪያ የሚጥሏት ይህቺን ነው። ቃላቱ ሁሉ ኖረው ንግግሩ የኛ የማይመስለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አሁን ወደ እናንተ እንምጣ። እናንተ በቀን ስንት ጊዜ ትሏታላችሁ? ወጡ አረረብኝ። ረፈደብኝ። ቁልፉ ጠፋብኝ። ልጄ ታመመብኝ። ነገር ግን ይህን ሁሉ የምትሉት እርስ በርሳችሁ ነው፤ ወይ ስልክ ላይ። ወደ ልጆቹ ስትዞሩ አማርኛው ይቀላል፤ «ና»፣ «ብላ»፣ «ጫማህን አድርግ»፣ «ተኛ»። ትእዛዝ ይሆናል ማለት ነው። በእነዚህ ትእዛዞች ውስጥ ደግሞ «ብኝ» የለችም። ልጆቹን ሳትተረጉሙ፣ ሳታቃልሉ፣ የደረሰባችሁን ንገሯቸው። «ዛሬ ሥራ ቦታ ምን ሆነብኝ መሰለህ» ብላችሁ ጀምሩ። ይህን በሳምንት ሁለት ሰዓት እኛ ብቻችንን አንችለውም፤ ከመማሪያ መጽሐፍም አይገኝም።

ወደ ጋራዡ እንመለስ፤ ልጆቹ በጣም የወደዱት እሱን ነው። በሙያው የሚሠሩ አንድ አባት መሣሪያ ይዘው መጥተው ነበር፤ እግዜር ይስጥልን። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ እያሉ አንድ በአንድ አስነኳቸው። ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። «እንግዲያው አማርኛ አይደሉም?» አለ አንዱ። አማርኛማ ናቸው። ጎማን ጎማ ሳይል የሚጠራ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ቃሉ መጥቶ፣ ተቀምጦ፣ አግብቶ ወልዷል። ምሩጽ ይፍጠርን ያየ ትውልድ «ማርሽ ቀያሪው» ያለው እኮ በዚሁ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ በ5,000ም በ10,000ም ወርቅ ያገኘውን ሯጭ ሩጫ ከፍተን አሳየናቸው፤ መጨረሻው ዙር ላይ ሲፈተለክ ማርሽ መቀየር ምን እንደሆነ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። ዶቅዶቄ ግን ከማንም አልተዋሰችም። ከድምፅዋ የወጣ ስም ነው፤ ሦስቴ ደጋግማችሁ በሉትና ስሙት።

የዓባይ በረሃ ላይ ሳይንስም ገባን። ከጎሐ ጽዮን ጀምሮ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ በጃፓን እርዳታ የተሠራውንና በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀውን ድልድይ ይሻገራል፤ ከዚያ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። ከላይ ብርድ፣ ከታች ሙቀት። የጥንት ካርቡራተር ያለው ሞተር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳበት ይደክማል፤ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ያጨሳል። «ሞተሩም ደከመው?» ያለችው ልጅ አማርኛዋ ከኛ ይበልጣል።

አንድ የማይመች ነገርም ተነሳ፤ ከእናንተ መደበቅ አልፈለግንም። ልጆቹ ኢትዮጵያን ያቋረጡ ሞተረኞች የቀረጹትን ፊልም ቤታቸው ያያሉ። እዚያ ውስጥ በየመንደሩ «ዩ! ዩ! ዩ!» እያሉ የሚሮጡ ልጆች አሉ፤ አልፎ አልፎም ድንጋይ የሚወረውሩ። «ለምንድነው የሚወረውሩት?» ተብለን ተጠየቅን። አንዳንዶቻችሁ እንዲህ ያለውን ባታሳዩ ትሉ ይሆናል። እኛ ግን ልጁ ፊልሙን አይቶታል፤ የቀረው ከማን ጋር እንደሚያወራው ነው። ድንጋይ መወርወር ነውር ነው፤ አገር ቤትም ሽማግሌ ካየ ጆሮ ይቆነጥጣል። ይህን በግልጽ ነገርናቸው። «ዩ» ግን ሌላ ነው። ሞተረኛው እንደ ስድብ ይሰማዋል። እኛ እንደሚመስለን ያ ልጅ «አንተ!» ማለቱ ነው፤ «አንተ! ና!» የሚለውን ለእንግዳ ሲል ወደ እንግሊዝኛ መለሰለት። ልጆቻችን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተርጉመው «ስልኬን አጠፋሁ» እንደሚሉት ማለት ነው። በሁለቱም በኩል ያለው ልጅ ያንኑ ነው የሚያደርገው።

በዚያው ፊልም ውስጥ ሌላም ድምፅ አለ፤ ሞተረኛው ስለማይገባው አይተረጎምም። አንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ ከፍቶ አሳየን፤ ጭቃ ውስጥ የወደቀ ሞተር የሚያነሱ ገበሬዎች «አይዞህ፣ አይዞህ» ይላሉ። ከሥሩ የተጻፈ ነገር የለም። የሰማው የእኛ ተማሪ ነው።

አማርኛ ብቻውን ይህን ሁሉ መንገድ ያዳርሳል አላልንም። ጎሐ ጽዮን ላይ አፋን ኦሮሞ ይጠብቃችኋል፣ ሐዋሳ ሲዳምኛ፣ ዲላ ጌዴኦኛ፣ ያቤሎና ሞያሌ የቦረና ኦሮሞ፣ ሞያሌ ላይ ሶማሊኛም። ቤታቸው አፋን ኦሮሞ የሚነገር ሁለት ልጆች ከጎሐ ጽዮን ጀምሮ አስተማሪዎቹ እነሱ ሆኑ፤ ክፍሉ በሙሉ «ገለቶማ» ብሎ ማመስገን ችሏል። ሰዓት ላይ ደግሞ ሁሉም አንድ ነው። «ነገ በሁለት ሰዓት እንገናኝ» የተባለ ሞተረኛ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መጥቶ ማንንም አያገኝም። ልጆቹ ይህን ወደውታል፤ አንዱ በየቤቱ እየዞረ የግድግዳ ሰዓት ሊያስተካክል ነበር።

ርቀት መጠየቅም አለ። «አባቴ፣ ከተማው ሩቅ ነው?» «ምን ሩቅ አለ፣ እዚችው ናት፣ ከጋራው ጀርባ።» ከዚያ ግማሽ ቀን። እዚህ ላይ «አባቴ» ማለትን፣ «እማማ» ማለትን፣ «ይነግሩኛል?» እንጂ «ንገረኝ» አለማለትን ተለማመድን። አንቱታ ለልጆቻችን ከባድ ነው፤ ነገር ግን መንገድ የጠፋበት ሰው ቶሎ ይማረዋል።

አሁን ትንሽ ከበድ ያለውን። ይህን የክፍል ካርታ ስንሠራ መንገዱ ዛሬ እንደዚያ እንደማይኬድ እናውቃለን። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲጀመር መተማ የሞተረኞች መሆኗ ቀርቶ የስደተኞች በር ሆነች። ከዚያው ዓመት ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ያለው ግጭት በየቤታችሁ የገባ ነው፤ ስለ ፖለቲካው እዚህ ገጽ ላይ አናወራም። የምናውቀው ግን ከተማሪዎቻችን መካከል በክረምት አያቶቻቸው ዘንድ ሊሄዱ ትኬት ሲታይላቸው የነበሩ ልጆች አሉ። ጉዞው ቀረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ተባለ፤ እሱም ቀረ። ልጁ ያድጋል፣ አያት ያረጃሉ፣ መካከል ላይ ያለው ስልክ ብቻ ነው። ስልኩ ላይ ደግሞ «ሰላም ነው?» «ሰላም ነው።» «ትምህርት እንዴት ነው?» «ጥሩ ነው።» ከዚያ ልጁ ስልኩን ለእናቱ ይመልሳል።

አገር ቤት፣ ሆቴል ባልነበረበት ዘመን፣ መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ያገኘው ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ መሸብኝ፣ አሳድሩኝ» ይል ነበር። «ቤት ለእንግዳ» ተብሎ ይገባል፣ እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል። ይህን ለክፍሉ ስንነግር ልጆቹ አላመኑም፤ የማይታወቅ ሰው ቤት ማስገባት እዚህ አደጋ ነው፤ ልክም ናቸው። «ከአያቶቻችሁ ጠይቁ» ብለን ላክናቸው።

አንዱ፣ እናቱ እንደነገሩን ስልክ ላይ ከሦስት ቃል በላይ የማይናገረው ልጅ፣ ጎጃም ላሉት አያቱ ደወለ። ጥያቄውን ወረቀት ላይ ጽፎ እያነበበ ነው የጠየቀው፦ «አባባ፣ መንገድ ላይ መሽቶብዎት ያውቃል?» ስልኩ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ አያት አርባ ደቂቃ ያህል አወሩ፤ በእግር ስለሄዱበት መንገድ፣ ወንዝ ስለሞላባቸው ሌሊት፣ ስላሳደረቻቸው ሴትዮ፣ ጠዋት ስንቅ ቋጥራ ስለሸኘቻቸው። እናቲቱ ይህን ታሪክ በሕይወታቸው ሰምተውት አያውቁም ነበር። ልጁ ግማሹ አልገባውም። ቅዳሜ መጥቶ ግን «ወንዝ ሞላባቸው» አለን። «ባቸው» ብሎ። ማንም አላስተማረውም።

ለዚህ ሳምንት የቤት ሥራው ይኸው ነው። ልጆቻችሁ አንድ ታላቅ ሰው ይጠይቁ፤ አገር ቤት ያለ አያት ሊሆን ይችላል፣ እዚሁ ጋርላንድ ያለ አጎት፣ እናንተ ራሳችሁም። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፦ መንገድ ላይ መሽቶብዎት ያውቃል? ማን አሳደረዎት? ምን አበሉዎት? ለእናት ወይም ለአባት ከሆነ በ«አንቺ» እና በ«አንተ» ይጠይቁ፤ ቤታችሁ አንቱ የሚባባል ከሆነ እንደልማዳችሁ። ሦስት ደቂቃ ያህል በስልክ ቅዱላቸው፤ ተራኪው ካልፈለገ አትቅዱ፣ ልጁ በቃሉ ይንገረን። መልሱን አትተርጉሙላቸው። ያልገባቸውን ቃል ጽፈው ያምጡ፤ ቅዳሜ አብረን እንፈታዋለን። የመሸበት ሰው ካጣችሁ፣ አውቶቡስ የተበላሸበት፣ ሻንጣ የጠፋበት፣ አውሮፕላን ያመለጠው ሁሉ ያገለግላል፤ ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ነገር ያልደረሰበት የለም።

ቅዳሜ መንገደኞቹ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ ይወርዳሉ። የኬንያው በኩል፣ እስከ ማርሳቢት ያለው፣ አስፋልት ከመሆኑ በፊት ሞተረኞች እንደ ጦር የሚፈሩት መንገድ ነበር፤ ለእሱ ትልልቅ ድንጋይ የሚመስል ነገር በካርቶን እየሠራን ነው፣ ባዶ ካርቶን ያላችሁ አምጡልን። ካቻቢቴ ያለው ወላጅም አንድ ያውሰን፤ የደጀን ጠረጴዛ እግሩ ላልቶብናል።